ትንሽ የተነዳ አሮጌ ፒክአፕ ስንት ያወጣል?

(አዳማ ላይ፣ ፒክአፕ ገዝተው ለመሥራት ለሚያስቡ ነጋዴዎችና ሾፌሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመቂም ከወንጂም የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሥራዬ መካኒክነት ነው። አሁን አሁን ግን ከጥገናው እኩል ጊዜዬን የሚወስደው ሰው መኪና ሊገዛ ሲል "ናና እይልኝ" ብሎ ሲጠራኝ ነው። ስልኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ሀይሉክስ አግኝቻለሁ፤ አሮጌ ነው፤ ግን ምንም አልተነዳም፤ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ!" ይሉኛል። ሞተሩ የትኛው እንደሆነ፣ ሊብሬው በማን ስም እንዳለ ገና አልጠየቁም። ቁጥሯ ግን ልባቸውን ወስዳዋለች። ደላላውም ይህን ያውቃል፤ በር ከፍቶ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ክሩስኮቱን፣ ኪሎ ሜትሩ የሚነበብበትን ሰሌዳ፣ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለዚያች ቁጥር ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ስህተት አይደለም። ግን የሚከፈለው ቁጥሩ በማስረጃ እስከተረጋገጠበት ድረስ ብቻ ነው፤ መኪናው ቆሞ በኖረባቸው ዓመታት የተበላሸውን ማስተካከያ ከላዩ ላይ ከቀነሳችሁ በኋላ። ይህን ሂሳብ ሳይሠራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሳይ ያመኛል። ምክንያቱም እዚህ ከተማ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ለጌጥ አይገዛም። የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ብዙ ጊዜም የእቁብና የብድር ገንዘብ ነው።

ደግሞ ጊዜው እንደድሮው አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ተነሳ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ፒክአፕ ዛሬ የሚጠየቅበት ገንዘብ አንድ ሰው ተሳስቶ ሊከፍለው የሚችል ገንዘብ አይደለም።

ለምን ቆመ?

መጀመሪያ ቁጥሩን ለዕድሜው አካፍሉት። 25 ዓመት የሞላው ፒክአፕ 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ካነበበ በዓመት 3,600 ነው፤ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ይህ መኪና በ25 ዓመት ውስጥ የሠራው 450 ምልልስ ብቻ ነው ማለት ነው። ለሥራ የተፈጠረ መኪና ይህን ያህል ሥራ ፈትቶ ከኖረ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ፈልጉ።

አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት መኪና ነው። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ሾፌሩ ተቀየረ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆመ፣ ቦሎው አለፈበት፣ ጎማው ተኛ፣ ከዓመታት በኋላ ጨረታ ወጣበት። አንዳንዱ የውርስ ነው። አባት አረፉ፣ ልጆቹ እስኪስማሙ መኪናው ሸራ ለብሶ ቆየ። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ከቆመበት ጉዳት ጋር።

አንዳንዱ ደግሞ ከእርሻ ወይም ከፋብሪካ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጌጁ፣ ማለትም ኪሎ ሜትር ቆጣሪው፣ የሚቆጥረው ጎማው ሲዞር እንጂ ሞተሩ ሲሠራ አይደለም። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ማሳ ለማሳ ሲዞር የሚውል፣ ሲጫንም ሞተሩ የማይጠፋ ፒክአፕ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ 8 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሞተሩ ግን ደክሟል። ከተማ ውስጥ ብቻ የኖረውም እንደዚሁ ነው። ናፍጣ ሞተር ከፖስታ ቤት እስከ ገበያ ባለው መንገድ አይሞቅም። ሳይሞቅ ሲጠፋ እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥና የጢስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይቀራል። ፍሪሲዮኑና ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖም በየኪሎ ሜትሩ ሲታይ ከረጅም መንገድ መኪና የበለጠ ይለፋሉ።

የቀረው የቆመው ተበላሽቶ ነው፤ ወይም ቁጥሩ ውሸት ነው።

ቁጥሩን ማን ይመሰክርለታል?

የድሮው ጌጅ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ እጁ የለመደ ሰው ይመልሰዋል። ዲጂታሉ በኮምፒውተር ይቀየራል። አንዳንዱ አሮጌ ጌጅ ደግሞ 5 አሃዝ ብቻ ስላለው 99,999 ሲሞላ ራሱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ማንም ሳይነካው 185 ሺህ የነበረው 85 ሺህ ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም ንባቡ በማይል መሆኑን እዩ። 90 ሺህ ማይል ወደ 145 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያው አሜሪካ ሻጭ ንባቡን ፈርሞ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ አለ። ግን የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉት ዛሬ ከግዴታው ነፃ ናቸው። ቁጥጥሩ ጠንካራ በሆነበት አገር እንኳ ለአሮጌ መኪና ንባብ ሻጩን በሕግ የሚያስፈርመው የለም። እኛ ጋ ከክሩስኮቱ ውጭ ማስረጃ ሳናይ ብር መቁጠር የለብንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ወረቀት ነው። ድርጅቶች ለእያንዳንዱ መኪና የጉዞ መዝገብ፣ ሎግ ቡክ የምንለውን፣ ይይዛሉ። ከየት ወዴት፣ ሲነሳ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስ ስንት፣ ስንት ሊትር ነዳጅ። በዓመት ሦስት አራት ቦታ ያለው ቁጥር ተከታትሎ ከሄደ ያ መኪና ተመስክሮለታል። የጥገና ደረሰኝም እንደዚሁ። በዘይት መቀየሪያ ቦታዎች የሚለጠፉት ወረቀቶች በር ጠርዝ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር አንዳንዴ ተረስተው ይቀራሉ፤ ፈልጓቸው። በጨረታ የምትገዙ ከሆነ የመኪናውን ፋይል ለማየት ጠይቁ። ሁሉም አይሰጧችሁም፤ የሚሰጡ ግን አሉ።

ወረቀት ከሌለ መኪናው ራሱ ይናገር። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ጎማው፣ የመሪው ጫፍ፣ የማርሹ ጭንቅላት፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ምን ያህል ተበልቷል? በሩ ሲከፈት ወደ ታች ይወድቃል? ቁልፉ ተበልቶ ቀጥኗል? የጭነቱ ሳጥን፣ ካሶኔው፣ ወለሉ ምን ያህል ተቧጭሯል? ጭነቱን ከሥር በሚሸከሙት የብረት ቅጠሎች፣ በባሌስትራው፣ ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከገባበት ከአቅሙ በላይ ሲጫን የኖረ ነው፤ እንዲህ ያለ ፒክአፕ 80 ሺህ ቢልም የ80 ሺህ ኑሮ አልኖረም። ደግሞ አዲስ ነገር ሲበዛ ጠርጥሩ። 60 ሺህ ብቻ የሄደ መኪና አዲስ የፔዳል ጎማ፣ አዲስ የመሪ ሽፋንና አዲስ የወንበር ልብስ ለምን አስፈለገው?

ሌላው ቀን ነው። ብዙ ሰው አያየውም። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት 4 ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2317 ካለ የ2017 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ። የደህንነት ቀበቶው ሥር በተሰፋችው ጨርቅ ላይም ብዙ ጊዜ ቀን አለ። መስታወቶቹ ላይ ያለውን ምልክት አነጻጽሩ፤ አምስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ከተለየ ያ በኩል ተመትቷል ወይም ተሰብሯል።

ስለ ዓመት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሞዴል የሚባለው በፈረንጅ ነው፤ እዚህ የተመዘገበበት ቀን ግን በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። የ1999 ሞዴል ሆኖ በ1999 ዓ.ም. የተመዘገበ ፒክአፕ ካያችሁ "አዲስ ሆኖ የገባ" እንዳይመስላችሁ። በመሃል 7 ዓመት ገደማ ሌላ አገር ሠርቶ ነው የመጣው። ያንን ጊዜ የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም።

መቆም የሚያበላሸው

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። ቁጥሩ እውነት ነው እንበል። መኪናው በእውነት ትንሽ ነው የሄደው። ታዲያ ምን ተረፈ፣ ምን ተበላሸ? ጎተራ ውስጥ የከረመን እህል ማንም ሳይበላው ነቀዝ እንደሚበላው ሁሉ የቆመ መኪናንም የሚበላ ነገር አለው።

ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ በዕድሜ ነው የሚያልቀው። የመኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢተርፍ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ። በአዳማ ፀሐይና በፈጣን መንገዱ ፍጥነት የ12 ዓመት ጎማ ይፈነዳል። ጭነት ላይ ከሆናችሁ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። የራዲያተር ቱቦዎች፣ የባሌስትራ ጎሚኒዎች፣ የሞተር መቀመጫዎች፣ ዘይት የሚይዙት ፓራኦሊዮዎች ሁሉ ይደርቃሉ። የሚገርመው መኪናው ቆሞ ሳለ አያፈስም። ገዝታችሁ ሥራ ስታስጀምሩት በአንድ ወር ውስጥ ከየቦታው ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሰው "ምን ነካው፣ ደህና ነበር እኮ" ይላል። ደህና አልነበረም፤ ሥራ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ የምፈራው ታይሚንግ ቺንጊያውን፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደውን የጎማ ቀበቶ፣ ነው። በድሮዎቹ ሀይሉክሶች ላይ የምናገኛቸው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ቺንጊያቸው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ነው የተሠሩት። ክሩስኮቱ ላይም ለዚሁ የምታስታውስ መብራት አለች። ሻጩ "90 ሺህ ነው፤ ገና 10 ሺህ ይቀረዋል" ይላችኋል። ቺንጊያው ግን ጎማ ነው፤ ካልተቀየረ 25 ዓመት የኖረ ጎማ። እነዚህ ሞተሮች ላይ ቺንጊያ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይወርዳል፣ ቫልቭ ይቀየራል፣ አንዳንዴ ፒስተንም ይሄዳል። የአንዲት ቺንጊያ ዋጋ ከዚህ ጉዳት ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ፈሳሹ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በ2 ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ የፍሬኑን ፒስተኖች ከውስጥ ያዝጋቸዋል፤ አንዱ ጎማ ይያዛል፣ ሌላው አይዝም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ዝገት መከላከያው ያልቃል፤ ክዳኑን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ ቀይ ጭቃ ካያችሁ ቴስታታው ውስጥም ያው ነው። የነዳጅ ታንከሩ፣ ሰልባትዮው፣ ግማሽ ናፍጣ ይዞ ከቆመ ከላይ ያለው ባዶው ክፍል ላብ ያመጣል፣ ይዝጋል፤ ዝገቱና ውሃው በፊልትሮው አልፎ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው ኖዝል ጋ ይደርሳል። የናፍጣ ሞተር ውዱ ነገር ደግሞ እሱ ነው።

ፍሪሲዮን ዲስኩ በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። ሲሊንደሩ ላይ የነበረው ዘይት ወርዶ የፒስተን ቀለበቶቹ ሊይዙ ይችላሉ። አይጥ ሽቦ ይበላል። ሽቦ የተበላበት መኪና ችግሩ አንድ ቀን መብራት፣ አንድ ቀን ሞተሪኖ እያለ ዓመት ሙሉ ያዞራችኋል።

የሚተርፈውስ? የሚተርፈው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ዋጋ የለውም የማልለው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩ ክራንክና ኩሽኔታዎች፣ የበር ማጠፊያዎቹ፣ የጋቢናው ጥብቀት፣ ያልተነካ ቀለም። እነዚህ በኪሎ ሜትር እንጂ በዕድሜ ብዙም አያልቁም፤ ሲያልቁም በርካሽ አይመለሱም። ማንም ቁልፍ ያልነካቸው ብሎኖች ያሉበት ሞተር ሳይ ደስ ይለኛል። እንደዚያ ያለ ፒክአፕ ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከተገኘም ትንሽ ጨምሮ መክፈል ይገባዋል።

ሻንሲውን፣ መኪናው የተቀመጠበትን የብረት አጽም፣ ግን ለብቻው ላንሳው። ሻንሲው ከበሰበሰ ስለ ኪሎ ሜትር ማውራታችን ራሱ ይቅር። አዳማ ደረቅ ነው፤ እዚህ የኖረ መኪና በዝገት ብዙም አይጎዳም። ግን ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ እዚያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ። አፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ ወይም ጅቡቲ ባሕር ዳር የቆየም እንደዚሁ ነው። ቶዮታ ጠንካራ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ራሱ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ በታኮማ፣ በተንድራና በሴኮያ ሻንሲ ዝገት የቀረበበትን የጋራ ክስ በፈረንጆቹ 2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ስምምነት ነው የጨረሰው። ትንሽ መዶሻ ያዙ። ከኋላ ጎማ በላይ፣ ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ይደነቁራል፣ ልጣጭም ይወርድለታል። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ አንኳኩ።

ስለ ሞተር ዓይነት በአጭሩ። ቅድም ያነሳኋቸው የኤል ቤተሰቦቹ ኤሌክትሮኒክስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በድሮዎቹ የሀይኤስ ሚኒባሶች ላይም ስላሉ መለዋወጫቸውም የሚያውቃቸው መካኒክም በየከተማው አለ። ለቆመ መኪና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ቪጎ ከምንለው ሀይሉክስ ጋር የመጡት ዲ ፎር ዲ ሞተሮች ጉልበታቸውም የነዳጅ ቁጠባቸውም የተሻለ ነው፤ ግን ቆሻሻ ናፍጣ አይችሉም። ኖዝላቸው ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታፈስም ጥላሸቱ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የዘይት መያዣውን፣ የካርተሩን፣ ወንፊት ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ሞተር ለዓመታት ቆሞ ካገኛችሁት ኖዝሎቹን ሳታስመረምሩ አትግዙ።

ሙከራው

ሻጩን "ማለዳ እመጣለሁ፤ ሞተሩን እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሊደብቃችሁ የፈለገው ነገር አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጢስ አውጥቶ ቢጠራ ችግር የለም። ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት ይበላል፤ ሲጫን ጥቁር ካጨሰ ኖዝል ወይም አየር ፊልትሮ ነው፤ የአዳማ አቧራና ንፋስ ፊልትሮ ቶሎ ይጨርሳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ፈታችሁ ቀዳዳው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት፤ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፣ ከቦታው ከተወረወረ ግን ቀለበቶቹ ደክመዋል። ከተቻለ ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለኩ። አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው ዋናው።

እኛ አዳማ ሰዎች ለሙከራ ጥሩ ቦታ አለን። የአሰላን መንገድ ውጡ። እስከ አሰላ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ትወጣላችሁ። የራዲያተር፣ የቴስታታ፣ የፍሪሲዮን ችግር ካለ እዚያ ይወጣል፤ እስከ ኢተያ ብትሄዱ እንኳ ብዙ ታያላችሁ። ከዚያ ፈጣን መንገዱ ላይ ውሰዱት፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ ወደ ጎን ከሳበ፣ ዲፈረንሻሉ ከጮኸ ትሰሙታላችሁ። ጎማው የቆየ ከሆነ ግን ፈጣን መንገዱን ተዉት፤ በሕይወት አይሞከርም።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ ግን አትለፉት። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር፣ ሀይሉክስ ከሆነ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ፣ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። የሞተሩንም እንዲሁ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ጌጁ የሚነግራችሁ የሌላ ሞተር ታሪክ ነው። ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። የእርዳታ ድርጅት መኪና ከሆነ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀረጡ ተከፍሏል ወይስ ገዢው ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ብቻውን ዋጋውን ሊገለብጠው ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ስምምነት፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያከትማል። የውርስ መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ሂሳቡ

ብሩ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በ100 እናስላ። ያው ሞዴል፣ ያው ሞተር፣ በየቀኑ ሥራ ላይ ያለ፣ ብዙ የሄደ ግን ደህና የተያዘ ፒክአፕ ከተማችን ውስጥ 100 ያወጣል እንበል። 90 ሺህ ያነበበው ደግሞ 140 ተጠየቀበት። ማስረጃ ከሌለው እኔ ከ100 አላልፍም፤ ቁጥሩን እንዳላየሁት ነው የምቆጥረው። ሎግ ቡክ ካለው፣ ሻንሲውና ቀለሙ ያልተነካ ከሆነ፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ ዝም ካሉ እስከ 125 እወጣለሁ። ከዚያ መቀነስ እጀምራለሁ። አምስት ጎማ፣ ባትሪ፣ ታይሚንግ ቺንጊያ ከነመወጠሪያው፣ የውሃ ቱቦዎች፣ ሙሉ የፍሬን ሥራ፣ ሰልባትዮ ማጠብ፣ ፈሳሾች በሙሉ። እነዚህን በዛሬ ዋጋ ጠይቃችሁ ደምሩ። እኔ የማየው ብዙ ጊዜ ከ100 ውስጥ 15 ይበላሉ። ስለዚህ 110 ላይ እቆማለሁ። 140 የሚከፍል ሰው ይኖራል፤ ይክፈል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። እናንተ ልትሠሩበት ነው። በዓመት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ 90 ሺህ የነበረው ከ3 ዓመት በኋላ 180 ሺህ ነው። ስትሸጡት ያንን ቁጥር አትሸጡትም፤ ተጠቅማችሁበታል። ተጨማሪ የከፈላችሁበት ገንዘብ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጥገና ቁጠባ መመለስ አለበት። የማይመለስ ከሆነ የከፈላችሁት ለስሜት ነው።

ከተነሱት ጥያቄዎች

ከመቂ ሽንኩርት የምታመጣ እህት ጠየቀችኝ። ከፊቷ ሁለት ፒክአፕ አሉ። አንዱ 95 ሺህ ያነበበ፣ ወረቀት የሌለው፤ ሌላው 310 ሺህ የሄደ፣ አሁንም ከባቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ባለቤቱና መካኒኩ የሚታወቁ። የትኛውን ልግዛ አለች። ሁለተኛውን፣ እህቴ። በየቀኑ እየሠራ ያለ መኪና ችግሩ ሁሉ ላዩ ላይ ይታያል። ኮምፕሬሽን አስለኪው፣ ሻንሲውን በመዶሻ አስመቺው፣ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ። ደህና ከሆነ የተረፈሽን ብር ለመጠባበቂያ ያዢው። አንቺ ሥራ የምትጀምሪው በማግስቱ ነው፤ የቆመውን ቀስቅሶ ለማስተካከል የሚሄደው ወር ገቢ የለውም።

አንድ ወጣት ስለ ጨረታ ጠየቀ። ባትሪው የሞተ፣ ተነስቶ የማይታይ መኪና ነው፤ ሲፒኦ፣ የባንክ ማስያዣ ቼክ፣ አስይዞ ሊገባ ነው። እንዲህ ያለውን ስትጫረት ሞተሩ ሙሉ ሥራ እንደሚፈልግ አስበህ ዋጋ ስጥ። ካሸነፍክ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ባትሪ ቀጥለህ ለማስነሳት አትቸኩል። ጎትተህ ውሰደው። ዘይቱን ቀይር፣ አሮጌውን ናፍጣ አውጣ፣ ካንዴሌታዎቹን ፈትተህ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምርና አሳድረው፣ በማግስቱ ሞተሩን በብሎን መፍቻ በእጅ አዙረው። በነፃነት ከዞረ፣ ቺንጊያውም ከተቀየረ በኋላ ነው ሞተሪኖ የሚነካው።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ አባት ነበር። ከጡረታ በኋላ ብዙም ያልነዱት ፒክአፕ ቤታቸው አለ፤ ሊሸጡት ነው፤ እንዴት ላቅርበው አሉኝ። ጋሼ፣ ሞተሩን አያሳጥቡት፣ አዲስ የወንበር ልብስም አይግዙለት፤ እኔ የታጠበ ሞተር ሳይ የተደበቀውን ነው የምፈልገው። ቺንጊያውንና የፍሬን ዘይቱን ቀይረው ደረሰኙን ያስቀምጡ። በየሳምንቱ ወጣ አድርገው እስኪሞቅ ይንዱት። የድሮ ደረሰኞችዎን ሁሉ በአንድ ፖስታ ይሰብስቡ። ገዢው ጋራዥ ልውሰደው ሲል ቁልፉን ይስጡት፣ አብረውትም ይሂዱ። በዚያ በ100 ሂሳብ 120 ጠይቀው 115 ላይ ቢስማሙ እርስዎም አልተጎዱም፣ የሚገዛዎትም ሰው ገንዘቡን አልጣለም።